ቡናው ይቅርባት፤ ጭቃው ግን ይመርመር

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ አራተኛ ወሯን ይዛለች። የምንኖረው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ነው። ያለ ቡና ውላ የማታውቅ ሴት አሁን ቡና ሲቆላ ከቤት ትሸሻለች። ጎረቤት ለቡና ሲጠራት እየቀረች መቀያየም ተፈጥሯል። በርበሬና ሽሮ ሲሸታት ያስመልሳታል። በሌላ በኩል ከጓሮ ግድግዳ ጭቃ እየፈረፈረች ስትበላ አገኘኋት፤ ስጠይቃት አለቀሰች። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረት እንክብል ‹አፌን ብረት ብረት አለኝ› ብላ ትታዋለች። እናቴ ‹አምሮት ነው፤ ካልተሟላላት ልጁ ምልክት ይዞ ይወለዳል፤ ተዋት› ትላለች። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሆርሞን ነው› ብሎ ነገሩን ዘጋው። ሆርሞኗን የሚያስተካክል መድኃኒት ወይም መርፌ አለ? ጉዳይ ካለው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ላይ ትንሽ እንቅርት አላት።»

ምላሽ፦ የለም። ሆርሞኗን ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒትም መርፌም የለም። ቢኖርም አላዝላትም ነበር፤ አሁን ተዛባ የሚሉት ሆርሞን ፅንሱን በማሕፀን ያቆየው ራሱ ነውና። ስሕተቱ ከመድኃኒቱ በፊት ይጀምራል። ጓደኛዎ «ሆርሞን» ብሎ፣ እናትዎ «አምሮት» ብለው፣ ቡናውንም ጭቃውንም በአንድ ጨርቅ ቋጠሩት። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ቡና መጥላቷ የእርግዝናው ሥራ ነው፤ ልትተዉት ይገባል። ጭቃ መብላቷ ግን ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ የደም ጉዳይ ነው። እንቅርቱን ደግሞ በጥያቄዎ ጫፍ ላይ በአንድ መስመር አለፉት እንጂ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ በላቦራቶሪ መለካት ያለበት ሆርሞን ቢኖር የእርሱ ነው።

ከቡናው ልጀምር። ፅንስ ማሕፀን ግድግዳ ላይ ከተተከለ ጀምሮ ኤችሲጂ የሚባለው ሆርሞን በየሁለት በየሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ያድጋል። በሽንት የእርግዝና ምርመራ ላይ ሁለተኛዋን መስመር የሚያወጣው ይኸው ነው። ከ8ኛው እስከ 11ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርስና ይወርዳል። ማቅለሽለሹም አብሮት ስለሚወጣና ስለሚወርድ ለብዙ ዘመን ጥፋቱ ሁሉ በእርሱ ሲላከክ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ይፋ የሆነ ጥናት ግን ዋናውን ተጠያቂ ሌላ አድርጎታል፤ ጂዲኤፍ 15 የሚባል፣ አብዛኛው ከፅንሱና ከእንግዴ ልጁ ወደ እናት ደም የሚገባ ሆርሞን ነው። የሚሠራው በአንጎል ግርጌ፣ የማስመለስ ስሜት ከሚነሣበት ቦታ ላይ ነው። ከእርግዝና በፊት ይህ ሆርሞን በደሟ ውስጥ ጥቂት የነበረ ሴት ድንገት ሲጥለቀለቅባት ክፉኛ ትታመማለች፤ ቀድሞም ከፍ ያለ መጠን የለመደችው ቀለል ይላታል። ስለዚህ «እኔ ይህን ሁሉ ልጅ ስወልድ አንድ ቀን አላስመለሰኝም» የሚሉ አማት እውነታቸውን ነው፤ ምራታቸውም አስመሳይ አይደለችም።

ታዲያ ለምን ቡና? ለምን በርበሬ? ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው ሽታ ስለሆነ ነው። ምላስ ለብቻው የሚለየው ጣፋጭ፣ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ መራራና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጣዕም ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ የሚጨምረው አፍንጫ ነው። ካላመኑኝ ዛሬ ራት ላይ አፍንጫዎን ይዘው ሽሮ ይቅመሱ፤ ጨውና ሙቀት እንጂ ሽሮ አያገኙም። እርጉዝ ሴት አፍንጫዋ የተሳለ ይመስላታል። ሲለካ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ይልቅ የተለወጠው ለሽታው የምትሰጠው ፍርድ ነው። ትናንት «ደስ የሚል» ብሎ ያሳለፈውን ሽታ ዛሬ አንጎሏ «አደጋ» ብሎ ይጽፈዋል። በዚህ ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የመራራ ጣዕም ስሜት ይጠነክራል። ቡና ደግሞ መራራም ነው፣ ሲቆላ ደግሞ ጢሱ ቤቱን ሁሉ ይሞላል። እናንተ ሰፈር በርበሬ የሚለቀምበትና የሚሰጣበት ወቅት ከደረሰማ ቤቱ ብቻ ሳይሆን መንደሩ ሁሉ ይሸታል።

አፏን ብረት ብረት ማለቱም ከዚሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ነፍሰ ጡሮች፣ እንክብል ያልነኩትም ጭምር፣ ሳንቲም የጎረሱ ያህል ይሰማቸዋል፤ ምራቃቸውም ይበዛል። ባለቤትዎን በእርጋታ ይጠይቋት፤ ጣዕሙ እንክብሉን ከመጀመሯ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? እኔ ከምጠይቃቸው ሴቶች ብዙዎቹ ቆም ብለው ሲያስቡ «ለካ ቀድሞም ነበር» ይላሉ። እንክብሉ የራሱ ጥፋቶች አሉበት፤ ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ዓይነ ምድር ያጠቁራል። በዚህኛው ግን በሌላው ጥፋት የተቀጣ ይመስለኛል።

ለማቅለሽለሹ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው፤ የሚከብደው ቤተሰቡ መስማማቱ ነው። ሙቀት ሽታን ያስነሣል፤ ስለዚህ ምግቧ ለብ ያለ ወይም የቀዘቀዘ ይሁን። ለእርሷ ሲባል ወጥ የሚሠራው ሌላ ሰው ይሁን፤ እርስዎም ቢሆኑ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሣ ጥቂት ቆሎ ወይም ደረቅ ቂጣ ትቅመስ፤ ባዶ ሆድ ማቅለሽለሽን ያብሳል። በቀን ሦስት ጊዜ ከመመገብ ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ መቅመስ ይሻላል። በሶ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ የተቀቀለ ድንች ከጨው ጋር ብዙዎች ይቋቋሙታል። ዝንጅብል በሙቅ ውኃ መጠነኛ ጥቅም አለው። ካልበቃ ቫይታሚን ቢ6፣ ማለትም ፒሪዶክሲን፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ እርሱም ካልበቃ በእርግዝና ጊዜ የሚታዘዙ የማስመለስ መድኃኒቶች አሉ። ጾምን በተመለከተ ከነፍስ አባቷ ጋር ትነጋገር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ጤነኛን ሰው የሚያጠነክር ቢሆን እንኳ ይህችን ሴት በዚህ ወር ያሳምማታል፤ እኔ የማውቃቸው ካህናት ነፍሰ ጡርን ጹሚ ብለው አስገድደው አያውቁም።

ስለ ቡናው ግን ጨርሶ አታስቡ። እንዲያውም ሰውነቷ ያደረገው እኛ የምንመክረውን ነው። ካፌይን ከነፍሰ ጡር ደም ቶሎ አይወጣም። በሌላ ጊዜ መጠኑ በ5 ሰዓት ገደማ በግማሽ የሚቀንሰው በእርግዝናው መገባደጃ ላይ 15 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። አቦል ቶና በረካ ጠጥታ ማታ እንቅልፍ አጣሁ የምትል ነፍሰ ጡር የጠዋቱ ቡና ገና አልለቀቃትም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል፤ የጀበና ቡና ወፍራም ከሆነ እዚያ ለመድረስ ብዙ ሲኒ አይፈልግም። በቡናው ላይ ጣል የምትደረገው ጤና አዳምም በእርግዝና ጊዜ ብትቀር ይሻላል፤ ማሕፀንን የማነሣሣት ጠባይ አላት።

መቀያየሙ ግን እውነተኛ ጉዳት ነው፤ በእኛ አገር የጎረቤት ቡና መቅረት ቡና ከመቅረት ይበልጣልና። ሴትዮዋ የተቀየመችው ምክንያቱን ስለማታውቅ ነው። ባለቤትዎ እርግዝናዋን ለመናገር ፈርታ ከሆነ፣ በአራተኛው ወር አንዲት የምትታመን ጎረቤት ብታውቅ ምንም አይጎድልባትም። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጢሱ ከወጣ በኋላ መጥታ በሩ አጠገብ ብትቀመጥና ቆሎውን ብትቀምስ ይበቃል።

የዚህ ክፍል ገደቡ እንዲህ ነው። ማቅለሽለሹ በአብዛኛው ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይተዋል፤ ከአሥር ሴቶች አንዷን ገደማ ግን ከዚያም በኋላ ይቆይባታል። ባለቤትዎ አሁን መቅለል ሊጀምራት ይገባል። ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ውኃ እንኳ አልረጋላት ካለ፣ ሽንቷ ከጠቆረና ካነሰ፣ ቆማ መሄድ ካቃታት ወይም ክብደቷ ከእርግዝናው በፊት ከነበረው በመቶ 5 ያህል ከቀነሰ ይህ «የእርግዝና ጠባይ» መባሉ ይቀራል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መግባት አለባት። ከትኩሳት ጋር የሚመጣ ማስመለስም የእርግዝና አይደለም። እናንተ አካባቢ፣ በተለይ በጃቢ ጠህናን ቆላማ ቀበሌዎች፣ ወባ መኖሩን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ነፍሰ ጡር ትኩሳት ከያዛት ደሟ ሳይታይ ማደር የለባትም። እስከ ሦስተኛው ወር ደህና ቆይታ ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስመለስ የጀመረች ሴትም ሌላ ምክንያት ሊፈለግላት ይገባል፤ የሽንት ቧንቧ ልክፈት፣ ጉበት፣ ሐሞት ከረጢት።

አሁን ወደ ጭቃው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለክትትል የመጣች አንዲት ሴት ለምርመራ አልጋው ላይ ስትወጣ የነጠላዋ ጫፍ ተፈታና አንድ ነገር ወለሉ ላይ ጠብ ብሎ ተንከባለለ። የጀበና ስባሪ ነበር። አንድ ጎኑ በጥርስ ተፍቆ ለስልሷል። እርሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ነርሷ አንሥታ ልትጥለው ስትል እጇን ዘረጋች። ቀድሞ በነበሩት ሁለት ቀጠሮዎች «ምን ያምርሻል?» ብዬ ጠይቄያት «ምንም» ብላኝ ነበር። የዚያን ቀን ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም የደም ማነስ የሚለካበት የደም ንጥረ ነገር፣ በዴሲ ሊትር 7.8 ግራም ብቻ ሆኖ ተገኘ። እኔ የጠየቅሁት ጥያቄ የተሳሳተ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ «ጭቃ፣ ገል፣ አመድ፣ ከሰል፣ ኖራ፣ ጥሬ ሩዝ፣ በረዶ፤ ብዙዎች ያምራቸዋል፤ አንቺንስ?» ብዬ ስም እየጠራሁ ነው የምጠይቀው። ስም ሲጠራ ይናገራሉ።

ሎሚ፣ ጎምዛዛ ነገር፣ ማር፣ ሥጋ ማማር አምሮት ነው፤ እርግዝናው የጣዕምና የረኃብ ሆርሞኖችን ሲያንቀሳቅስ የሚመጣ፣ አብዛኛውም ጉዳት የሌለው። ምግብ ያልሆነ ነገር ማማር ግን ሌላ ዘር ነው። አፈር የሚበሉ ሴቶች ከማይበሉት ይልቅ በደም ማነስና በብረት እጥረት ተይዘው የመገኘታቸው ነገር በብዙ አገር በተደጋጋሚ የታየ ነው። እርግዝና ደግሞ ብረት ይውጣል። የእናቲቱ ደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ልጁና እንግዴ ልጁ የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ፤ በዘጠኙ ወር በጠቅላላው ወደ 1 ግራም ብረት ያስፈልጋታል። አንድ ግራም ትንሽ ይመስላል፤ ከምግብ በየቀኑ የሚሰርገው ጥቂት ሚሊ ግራም መሆኑን ሲያውቁ ግን ትንሽ አይደለም።

«ታዲያ አፈሩ ውስጥ ብረት አለ፤ ሰውነቷ የጎደለውን ፈልጎ ነው» ይላሉ ብዙዎች። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ግን አይሠራም። የሸክላ አፈር በአንጀት ውስጥ ብረትን ይዞ ያስቀራል እንጂ አይሰጥም። ስለዚህ ብረት ያነሳት ሴት ጭቃ ትበላለች፣ ጭቃው ከምግቧ ያለውን ብረት ይዞባት ይወጣል፣ እጥረቱ ይብሳል፣ ጭቃውም ያምራታል። በዚህ ላይ የጓሮ ግድግዳ ሥር ያለው አፈር ንጹሕ አይደለም። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። የመንጠቆ ትል ደግሞ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባና ከአንጀት ደም ይመጥጣል፤ እርሱ ራሱ ለደም ማነሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት ከሦስተኛው ወር በኋላ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል አንድ ጊዜ መስጠት የክትትሉ አካል ነው። ኮሶ ግን በምንም መንገድ አይሆንም። «ትል ነው» ብሎ ለነፍሰ ጡር ኮሶ መስጠት እናትንም ፅንስንም ለአደጋ መጣል ነው፤ ይህን ለእናትዎ በግልጽ ይንገሩልኝ።

አንድ ነገር ላስተካክል። ጭቃ የምትበላ ሁሉ የደም ማነስ አለባት አላልሁም፤ ከልማድ የምትበላም አለች። በምርመራ እስኪለይ ድረስ እንዳለባት ቆጥረን እንነሣለን ነው የምለው። ምርመራው የጣት ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። ቁጥሩን ሲያዩ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በእርግዝና መካከለኛ ወራት ሄሞግሎቢን ከ10.5 በታች ሲሆን የደም ማነስ ይባላል፤ ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው የተቀመጠ ልክ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ደም አብዝቶ ያመርታል፤ ስለዚህ ልኩም አብሮ ይወጣል። ለፍኖተ ሰላም ከፍታ ቢያንስ ግማሽ ግራም፣ ለደብረ ማርቆስማ ከ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከዚያ በላይ መጨመር አለበት። «10.8 ነው፤ ደህና ነሽ» ተብላ ወደ ደጋ የተመለሰች ነፍሰ ጡር በእውነቱ ደም አንሷት ሊሆን ይችላል። ይህን ማስተካከያ የሚዘነጉ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም፤ እኔም ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ከነርሱ አንዱ ነበርሁ።

እናትዎ ስለ ምልክቱ የሚሉትን ብዙ አልከራከርም። በልጅ ገላ ላይ የሚታየው ምልክት፣ ማርያም የሳመችው የምንለው፣ በቆዳ ውስጥ የተከማቸ ቀለም ወይም የደም ሥር ነው፤ እናቱ የበላችውም ያልበላችውም አይሠራውም። እናትዎ ግን አንድ ትልቅ ነገር ያውቃሉ፤ ነፍሰ ጡርን ማስከፋት እንደማይገባ። በዚህ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ባለቤትዎን በጭቃው አይቆጧት፣ አይሰልሏትም። ያለቀሰችው ነውር መስሏት ነው። ይልቅ በቦታው የሚተካ ነገር ይኑራት፤ የሚቆረጠም ነገር ስለሚያምራቸው ብዙዎቹን ሽንብራ ቆሎ ይረዳቸዋል። ቁም ነገሩ ግን ብረቱ ነው። እጥረቱ መታከም ሲጀምር እንዲህ ዓይነቱ አምሮት የደሙ ቁጥር ገና ከፍ ሳይል በፊት ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ያቺ ባለ ስባሪ ሴት በሦስተኛው ሳምንት መጥታ «አሁንስ ሽታው ራሱ አስጠላኝ» አለችኝ።

ስለዚህ እንክብሉ ይመለሳል፤ በጠዋት በባዶ ሆድ ሳይሆን ማታ፣ ራት ቀምሳ ልትተኛ ስትል። ማቅለሽለሹ እንቅልፍ ላይ ያልፋታል። ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ትዋጠው፤ ብረቱ በደንብ ይሰርጋል፣ አፏ ላይ የሚቀረውንም ጣዕም ይሰብረዋል። ቡና፣ ሻይና ወተት ብረትን ስለሚይዙ ከእንክብሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ፤ የቤቱ ቡና ስላስጠላት በሻይ የተካችው ከሆነ ይህን ልብ በሉ። የተለመደው እንክብል 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው፤ በቀን አንድ ነው። የደም ማነስ ከተገኘባት መጠኑ እጥፍ ይደረጋል፤ ይህን ግን አዋላጇ እንጂ እናንተ አትወስኑም። ዓይነ ምድሯ ቢጠቁር አትደንግጡ። ሆዷ ከደረቀ ውኃ ታብዛ፣ ተልባ ትጠጣ። እርግዝናው ራሱ፣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የአንጀትን ጡንቻ ስለሚያላላ፣ ሆድ ያደርቃልና ሁሉንም በእንክብሉ አታላክኩ። እንክብሉን ፈጽሞ ያልቻለችና ደሟ በጣም የወረደ ሴት በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለላት፤ ለዚያ ግን ሆስፒታል ያስፈልጋል።

ምግቡስ? ጤፍ ብረት አለው፤ ሊጡ በእርሾ መቡካቱም ብረቱ ይበልጥ እንዲሰርግ ይረዳል። ምስር፣ ጎመን፣ ከተገኘም ሥጋ ይጠቅማሉ። «ጤፍ የሚበላ ደም አያንሰውም» የሚለውን ግን አትመኑ፤ ነፍሰ ጡር የሚያስፈልጋትን ብረት በእንጀራ ብቻ አትሞላም። ሥጋ ካማራት ትብላ፤ በደንብ የበሰለ ይሁን እንጂ። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ብቻ ሳይሆን ፅንሱን የሚጎዳ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስም ያስተላልፋል። ጎምዛዛ አምሯት «ትንሽ ቅራሪ ብትጠጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። ቅራሪም ቀጠነ እንጂ ጠላ ነው፤ አልኮል አለበት፤ ሎሚ ይሻላታል።

አሁን ወደ እንቅርቱ። የእንቅርት ዕጢ ሁላችንም አንገት ላይ አለች፤ እንቅርት የምንለው እርሷ ስታብጥ ነው። በደጋው አገር፣ በጎጃምም፣ እንቅርት የበዛበት ምክንያት ዕጢዋ ለሥራዋ የምትፈልገው አዮዲን ከመሬቱ ታጥቦ መሄዱ ነው። ዓባይና ገባሮቹ በየክረምቱ አፈሩን ሲወስዱ አዮዲኑንም ይወስዳሉ። ዕጢዋ ያላትን አብቃቅታ ለመሥራት ትለፋለች፣ ስትለፋም ታብጣለች። ለብዙ ዓመት ትንሽ እብጠት ይዞ ያለ ችግር መኖር ይቻላል፤ እርግዝና ግን ፍላጎቱን በአንድ ጊዜ ያንረዋል። አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም አዮዲን የሚበቃው ሲሆን ለነፍሰ ጡር የሚመከረው 250 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፅንሱ የራሱን ሆርሞን ማምረት አይችልም፤ ለአንጎሉ እድገት የሚያስፈልገውን ከእናቱ ይወስዳል።

ይህች ዕጢ የምግብ ፍላጎትን በቀጥታ የምትነካ ናት። ሥራዋን ስታበዛ ሰው እየበላ ይከሳል፣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይችልም። ሥራዋን ስታሳንስ ደግሞ ምግብ ያስጠላል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ድካሙ አያነቃንቅም። ችግሩ ነፍሰ ጡር ያለ በሽታም ከነዚህ ግማሹን ማየቷ ነው፤ ስለዚህ በዓይን አይለይም፣ በደም ይለካል። ከአንጎል ሥር ወጥቶ ዕጢዋን «ሥሪ» የሚላትን ሆርሞን የሚለካው፣ ቲኤስኤች የሚባለው ምርመራ በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ይችላል፤ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ኤችሲጂ የእንቅርት ዕጢን ስለሚቀሰቅስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቲኤስኤች ቁጥር ዝቅ ብሎ መገኘቱ ብዙ ጊዜ በሽታ አይደለም። ውጤቱ እርግዝናዋን በሚያውቅ ሐኪም ይነበብ፤ ቁጥር አይቶ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ዘንድ አትሂዱ።

ጨዉን ግን ዛሬ ማስተካከል ይቻላል። በአገራችን የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ገበያ ላይ ግን በማዳበሪያ ተሞልቶ እየተሰፈረ የሚሸጠው ጨው ምን ያህል አዮዲን እንደቀረው ማንም አያውቅም። የታሸገውን፣ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ግዙ። ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ስለሚያጠፉት ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ላይም መጨረሻ ላይ ይጨመር። ጨው አብዙላት አላልሁም፤ ጨዉን ለውጡላት ነው ያልሁት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የሆርሞን መድኃኒት መፈለጉን ይተዉ። በዚህ ሳምንት ውስጥ አብረዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የእናቶች ክትትል በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ነው። ሄሞግሎቢን፣ ዓይነ ምድርና ሽንት ይታይ፤ ባለፉት ቀናት ትኩሳት ከነበራት የወባም። እንቅርቱን ለአዋላጇ አሳዩና ለቲኤስኤች ምርመራ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላችሁ። እንክብሉን ዛሬ ማታ ትጀምር፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ደሟ እንደገና ይለካ። በአራት ሳምንት ቁጥሩ ወደ 1 ግራም ገደማ ካልጨመረ፣ ወይ እንክብሉን አልወሰደችም ወይ ደሙ በሌላ መንገድ እየፈሰሰ ነውና ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ክትትል ክፍሉ ስትገቡ ባለቤትዎ ስለ ማስመለሱና ስለ ቡናው ትናገራለች፤ ስለ ጭቃው ግን አትናገርም። ከመሄዳችሁ በፊት ፈቃዷን ጠይቁና እርስዎ ቀድመው ይንገሯቸው።